ለሰርቨሩ የሠራሁት ዳንቴል

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ «ስለ ላም ጥቅም ጻፉ» ተብለን አንድ ገጽ ጽፌ ነበር፤ መምህራችን ሲያነበው ላሟ የጎረቤታችን መሆኗን ደረሰበትና ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ብዕር የምይዘው የሥራ መግቢያ መዝገብ ላይ ስፈርም ብቻ ነው። ፊርማዬም እንደኔ ሰው ትፈራለች መሰለኝ፣ የመስመሩ ጥግ ላይ ተሸማቅቃ ነው የምትቀመጠው።

አሁን ለመጻፍ የተነሣሁት የኮሌጃችን ዲን «ሰርቨሩ ለምን እንደቆመ በጽሑፍ ይገለጽልኝ» ስላሉ ነው። የጠየቁት እኔን አይደለም፤ ሙሉቀንን ነው። የኮምፒዩተሩን ሥራ የያዘው እሱ ነዋ። እሱም ግማሽ ገጽ ጻፈና «በሙቀት ምክንያት» ብሎ አለፈው። ጠረጴዛውን ስወለውል አነበብኩት። ውሸት የለበትም። ግን ሙቀት ዝም ብሎ ከሰማይ አይወርድም። ሙቀቱ እኔ ነኝ።

የምሠራው እዚህ ፍኖተ ሰላም፣ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ነው። ፅዳት ነኝ። መጥረግ የምወደው ሰው በሌለበት ሰዓት ነው። ኮሪደር ላይ ሰው ድንገት ሲመጣብኝ ከመጥረጊያዬ ኋላ እደበቃለሁ። የመጥረጊያ እንጨት ስንት ሰው ይደብቃል ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ለለመደው ይደብቃል።

ከማጸዳቸው ክፍሎች ሁሉ የምወደው ምድር ቤት ጫፍ ላይ ያለችውን ጠባብ ክፍል ነው። ድሮ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ነበረች። አሁን አንድ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን ተኝቷል። ቀንም ሌትም እንደ ወናፍ ይነፋል። ሰርቨር ይሉታል። የክፍሏ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ ሙሉቀን ጋ፣ ሁለተኛው እኔ ወገብ ላይ።

ሙሉቀን ግን እዚያ ክፍል ብዙም አይገባም። መጀመሪያ የገረመኝ ነገር ይሄ ነው። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው፤ እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ ሳጥኑን ያዝዘዋል። ንግድ ወጥቶ ሚስቱን በስልክ የሚያዝዝ ባል ይመስላል። እሱ ያዝዛል፣ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ደረጃውን ሳጥብ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «ማሽኑማ አንድ ነው። ውስጡ ግን አራት ኮምፒዩተር አለ» አለ።

ውሃዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። በማግስቱ ጠዋት ክፍሏን ቆልፌ ሳጥኑን ዞርኩት። ከኋላ አየሁት፣ ከጎን አየሁት፣ በጣቴ አንኳኳሁት። አራት ኮምፒዩተር አይደለም፣ አራት እንጀራ ደህና አድርጎ አይዝም። ክዳኑ ላይ ግን አንድ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። ወረቀቱ ላይ አራት ስም አለ፦ ደምበጫ፣ ሊበን፣ ቋሪት፣ ጢስ ዓባይ። በየስሙ ፊት ረጅም ቁጥር በነጥብ በነጥብ ተከፋፍሎ ተጽፏል። የደምበጫ ቁጥር መጨረሻው በቀይ ተሰርዞ ሌላ ተጽፎበታል።

ማንበብ የሚወድ፣ መጽሐፍ ግን የሌለው ሰው ያገኘውን ያነባል። የእሳት ማጥፊያውን መመሪያ በቃሌ ነው የምወጣው፤ እሳት ግን አጥፍቼ አላውቅም። ያንን ወረቀትም ጠዋት ጠዋት አቧራውን ሳራግፍ አነበው ጀመር። የሳጥኑ ነገር እንዲህ ሆኖ ሦስት ወር በሆዴ ከረመ። ጥያቄ ሆድ ውስጥ ሲከርም ደግሞ እንደ ሊጥ ነው፣ ይነፋል።

በመጨረሻ አንድ ቀን ሙሉቀን ቁልፉን ረስቶ የእኔን ሊዋስ መጣና ክፍሏን ከፈትኩለት። ያኔ ቃል ከአፌ አመለጠኝ።

«ጋሽ ሙሉቀን፣ እርስዎ አራት ኮምፒዩተር አለ ያሉት… የት ነው ያሉት?»

«እባክሽ ጋሽ አትበይኝ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው» አለኝ።

«እሺ ጋሼ» አልኩት።

ሳቀና ከድሮው የተረፈ አንድ የተሰበረ ወንበር ግድግዳ አስደግፎ ተቀመጠ። «ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ» አለ። ይሄን ቃል ለመያዝ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ከዚያ የት እንደምኖር ጠየቀኝ። በኪራይ፣ እማማ አገር ግቢ አልኩት።

«ስንት ተከራይ ናችሁ?»

«አራት።»

«ቤቱስ?»

«አንድ ረጅም ቤት ነው። በኮምፔርሳቶ ተከፍሎ።»

«በቃ፣ አገኘሽው!» ብሎ ጭኑን መታ። «ሳጥኑ ረጅሙ ቤት ነው። አራቱ ተከራዮች ናቸው። ቤቱ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ግን ለብቻው ቤት ያለው ይመስለዋል። ሬጅስትራሩ ደምበጫ ውስጥ ነው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሊበን፣ የፈተናው ነገር ቋሪት። ጢስ ዓባይ የግቢው በር ናት፤ ኢንተርኔቱ በእሷ ነው የሚወርደው።»

«እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ?»

«በድልድይ ይገናኛሉ።»

«ድልድዩ የትኛው ነው?» ብዬ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አልኩ።

«አታይውም። አለ፣ ግን በሐሳብ ነው ያለው።»

ይሄ እንኳ ብዙ አልገረመኝም። የተወለድኩበት ቀበሌ ሰው ክረምት በመጣ ቁጥር በሐሳብ ድልድይ ነው ወንዝ የሚሻገረው።

«አከራዩስ ማነው?» አልኩት።

ትኩር ብሎ አየኝ። «እስከ ዛሬ አከራዩን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ። «አከራይም አለ። መብራቱን፣ ቦታውን፣ ጉልበቱን ለአራቱ የሚያካፍለው እሱ ነው። ስሙን ፍኖተ ሰላም ብዬዋለሁ።»

ያን ቀን ማታ ግቢያችንን በሌላ ዓይን አየሁት። እማማ አገር አንድ ቆጣሪ ነው ያላቸው። ፀጉር የምትሠራው ጎረቤቴ ካስኳዋን ስትሰካ የእኔ አምፖል ይደክማል። እኛ ተከራዮች አንድ ሕግ አለን። የአንዱ መብራት ብቻ ከጠፋ አምፖሉ ነው፤ የራሱ ጉዳይ። የአራታችንም አንድ ላይ ከደከመ ግን ጎረቤት መጠርጠር የለም፣ ቀጥታ እማማ አገር ቆጣሪ ዘንድ ነው። ይሄን ሕግ ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እፈልገዋለሁ።

ሙሉቀን ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። ሳጥኑ ፊት ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች እያሳየኝ፣ «አቧራ ነው ጠላቱ። ደግሞም አፍንጫው ከታፈነ…» ሲል ስልኩ ጮኸና እያወራ ወጣ። ያ ስልክ ሁለት ቃል ዘግይቶ ቢጮህ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው አይኖረኝም ነበር።

እኔ ይዤ የቀረሁት «አቧራ ነው ጠላቱ» የሚለውን ነው።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ የተከበረ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። አባቴ ሬዲዮ ሲገዛ፣ እናቴ ልብሱን የጨረሰችለት ባትሪው ሳይገባ ነው። የእማማ አገር ቴሌቪዥን ዳንቴል አለው። ፍሪጃቸው ከነእጀታው ዳንቴል አለው። ሪሞታቸው በላስቲክ ተጠቅልሎ ላስቲኩ ዳንቴል ላይ ይተኛል። ታዲያ አንድ ኮሌጅ በሙሉ የሚያድርበት ሳጥን፣ አራት ነፍስ የያዘ ሳጥን፣ ምን በድሎ ነው ራቁቱን የሚውለው? ፊት ለፊታችን ያለው መንገድ ደግሞ ለኮብልስቶን ተቆፍሮ አቧራው በመስኮት እንደ ልቡ ይገባል።

ኪሮሽ ላይ እጄ መጥፎ አይደለም። ነጭ ክር ገዛሁ። መሐሉ ላይ አራት አበባ አወጣሁ፤ ለደምበጫ አንድ፣ ለሊበን አንድ፣ ለቋሪት አንድ፣ ለጢስ ዓባይ አንድ። አበቦቹን በቀጭን ሰንሰለት አገናኘኋቸው፤ ያ ድልድዩ ነው። ዳንቴል እንደምታውቁት ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። አቧራው በቀዳዳው እንዳይገባ ከአሮጌ መጋረጃ ወፍራም ገበር አበጀሁለት። ለቴሌቪዥን ገበር የሚያደርግ አይቼ አላውቅም፤ እኔ ግን አሳቢ ሰው ነኝ፣ አደረግሁለት።

ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት ክፍሏን ጠርጌ አለበስኩት። ክዳኑ ላይ ያለው ወረቀት ከሥር እየጎበጠ ጨርቁን አላስተኛ ሲለኝ ላጥኩትና ቆሻሻው ውስጥ ጨመርኩት። የሰኞ ቆሻሻ ጓሮ ወስጄ አቃጠልኩ። ተመልሼ መጥቼ የልብሱን ጠርዝ በፊትም በኋላም ሳጥኑ ሥር ደህና አድርጌ ወሸቅሁት፤ ልክ ሕፃን እንደሚሸፈነው። ከዚያ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ለሰርግ የተዘጋጀ ይመስላል። ለማንም አልተናገርኩም። ሙሉቀን አንድ ቀን ገብቶ ሲያየው ብዬ አስቤ ብቻዬን ፊቴ ጋለ።

ሳጥኑም ጥቂት ቆይቶ ከወትሮው በርትቶ መንፋት ጀመረ። ወደደው አልኩ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን አንድ ሽማግሌ ወደ ሬጅስትራር ክፍል ገቡ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ከኮንጎ ጫማቸው ላይ የመንገድ አቧራ አራግፈው ነው የገቡት። አያ ቢተው ይባላሉ። ከቡሬ ወዲያ ካለ ገጠር ነው የመጡት። የሬጅስትራር ሠራተኛዋ እትዬ ጥሩወርቅ ወንበር ሰጠቻቸው። እኔ የክፍሉን መስኮት እወለውላለሁ።

«እታለም፣ የልጄን የውጤት ወረቀት ልወስድ ነው የመጣሁ» አሉ። ከጋቢያቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ መታወቂያና ውክልና አወጡ። ልጃቸው ይታይሽ አምና እዚህ በጤና ትምህርት ተመርቃለች። ዛሬ ቡሬ ላይ ለሥራ ፈተና ተቀምጣለች። የውጤት ወረቀቷ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቡሬ ያለው ቀጣሪ ቢሮ ካልገባ ብትፈተንም አልተፈተነችም ተብላለች። «እሷ ከፈተናው መነሳት አትችል፣ እኔ ከወረቀቱ» አሉ። «አባትና ልጅ ሥራ ተካፍለን ወጣን።»

«ይቀመጡ አባቴ፣ አሁን ይወጣል» አለች እትዬ ጥሩወርቅ። የይታይሽን ስም ጻፈች። ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ ነገር መዞር ጀመረች።

አያ ቢተው አንገታቸውን አስግገው አዩዋት። «ምንድን ናት ይቺ የምትዞረው?»

«እያሰበ ነው።»

«ምን ያሳስበዋል? ይታይሽ ጎበዝ ናት።»

ክቧ ግን ዞረች፣ ዞረች። አራት ሰዓት ሆነ። እትዬ ጥሩወርቅ ስልክ አንስታ፣ «ሙሉቀን፣ ደምበጫ እኮ አልመልስ አለችኝ» አለች።

አያ ቢተው ደነገጡ። «ደምበጫ ምን ሆነች? እህቴ እዚያ ነው ያለች!»

«አይ አባቴ፣ ይቺ ሌላ ደምበጫ ናት።»

«ሁለት ሆነች?»

«ይቺ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለችዋ ናት።»

አያ ቢተው ትንሽ አሰቡና፣ «ያችኛዋ ደህና ከሆነች ይሁን» ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ሙሉቀን ከፎቅ ወርዶ መጣና ከእትዬ ጥሩወርቅ ጎን ተቀመጠ። ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ዘረጋ። አራቱም ተከራዮች ደክመዋል። መጀመሪያ ሊበንን ጠረጠረ። «ቤተ መጻሕፍቱ ነው ጉልበቱን የሚበላው» ብሎ አጠፋት። ለውጥ የለም። ቋሪትን አጠፋት። ለውጥ የለም። ከሁለቱ የተረፈውን ጉልበት ለደምበጫ ሰጠ። ደምበጫ እንደተጫነ አህያ ቆመች። እኔ መስኮቱን ወለወልኩ። የወለወልኩትን ደግሜ ወለወልኩ። ያን ቀን ያ መስኮት የጠራውን ያህል የከተማው አየር ጠርቶ አያውቅም።

እየወለወልኩ ግን የእማማ አገር ግቢን ሕግ በልቤ እደግም ነበር። አራቱም አንድ ላይ ከደከሙ ተከራይ አይደለም። አራቱም አንድ ላይ ከደከሙ ተከራይ አይደለም። ልናገር እልና አፌ እንደ ዛገ በር አልከፈት ይላል። እሱ ዲግሪ አለው፤ እኔ ያለኝ ስድስተኛ ክፍልና የጎረቤት ላም ነው።

«ድልድዩ ነው» አለ ሙሉቀን በመጨረሻ። በፍጥነት አንድ ነገር ጻፈ፣ ቁልፉን ተጫነ። ከዚያ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ምነው?» አለች እትዬ ጥሩወርቅ።

«ራሴን ውጭ አስቀርቼ ቆለፍኩት።»

ሲያስረዳት እንደሰማሁት ነገሩ እንዲህ ነው። እሱ ራሱ ወደ ሳጥኑ የሚገባው በዚያ በሐሳብ ድልድይ ላይ ነበር። ድልድዩን ሊጠግን ሲነካካው እላዩ ላይ ቆሞ ኖሮ አፈረሰው። አሁን አራቱም ጠፉበት፣ አከራዩም ጠፋበት። ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ቅርንጫፉን የሚቆርጥ ሰው እኛ አገር ያልተማረ ነበር የሚባለው፤ ይኸው ተምሮም ይደረጋል።

ስድስት ሰዓት አልፏል። እትዬ ጥሩወርቅ አያ ቢተውን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። «አባቴ፣ ነገ ቢመለሱ…» አለች።

አያ ቢተው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። መታወቂያውንና ውክልናውን በላስቲኩ መልሰው ጠቀለሉ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ልክ የሚቀበር ነገር እንደሚጠቀለል። «ነገማ ለእኔ ነገ ነው» አሉ። «ለእሷ ግን ዛሬ ነበር።»

ያኔ አንድ ድምፅ፣ «ተከራዮቹ አይደሉም» አለ። የማን ነው ብዬ ዞር አልኩ። ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው።

«ምን አልሽ?» አለ ሙሉቀን።

ጨርቄን ጨበጥኩት። «ጋሼ፣ እኛ ግቢ የአንዱ መብራት ብቻ ከሆነ የራሱ አምፖል ነው። የአራታችንም አንድ ላይ ከደከመ ግን ጎረቤት አንነካም። ቤቱ ነው የሚታየው። እርስዎ ተከራዮቹን ያንኳኳሉ፣ አከራዩን ግን ሄዶ ያየው የለም።»

ሙሉቀን ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ዘጋው። «ክፍሉን ከፍተሽ ታውቂያለሽ ዛሬ?»

«አዎ። ጠዋት ሳጥኑ በደንብ ይነፋ ነበር፤ ከወትሮው ይበረታ ነበር።»

«ይበረታ ነበር?» ብሎ ተነሣና ሮጠ። እኔ ቁልፉን ይዤ ተከተልኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ተከተለች። አያ ቢተው «እስቲ ይቺን ደምበጫ እኔም ልያት» ብለው ዱላቸውን አነሱ።

እውነቱን ልናገርና፣ ደረጃውን ወርጄ ያን ኮሪደር ስሮጥ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው ሰምቶኛል። በዚያ ላይ አሁን ገብቶ ዳንቴሉን ያያል፣ ከጭንቀቱ ትንሽ ይፈታል ብዬ አስቤያለሁ። በሩን ከፈትኩ።

ክፍሏ ዝም ብላለች። ወናፉ የለም። ሳጥኑ አራት አበባውን ለብሶ፣ ጠርዙ በፊትም በኋላም ተወሽቆ፣ እንደ ሬሳ ተጋድሟል።

ሙሉቀን ዳንቴሉን አየ። እኔን አየ። እንደገና ዳንቴሉን አየ። ገለጥ አድርጎ ብረቱን በመዳፉ ነካና እንደ ካውያ ሲፋጀው እጁን መለሰ።

«ማነው ያለበሰው?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ከሰው መሐል መጥረጊያዬን ብፈልግ የለም፤ ሬጅስትራር ክፍል ትቼው መጥቻለሁ። «አቧራ ጠላቱ ነው ብለውኝ ነው» አልኩ።

«አፍንጫውስ?»

«አፍንጫው ላይ ስልክዎ ጮኸ።»

እትዬ ጥሩወርቅ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሙሉቀን ተናዶ ይሁን ሊስቅ ፈልጎ አላውቅም፣ ግንባሩን በሩ ላይ ለጠፈ። ሳጥኑ የሚተነፍሰው በፊቱ ስቦ በኋላው አውጥቶ ነው አለ። ሲሞቀው መጀመሪያ ይዘገያል፤ ብሶ ሲሞቀው እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደ።

«ተው!» አሉ አያ ቢተው። ሁላችንም ዞርን። «የወበቀው በሬ ወዲያው ይነዳል እንዴ? ውሃም አይሰጠው። መጀመሪያ ትንፋሹ ይመለስ።»

«ልክ ነዎት አባቴ» አለ ሙሉቀን፤ እጁንም ሰበሰበ።

እንግዲህ ያን ጊዜ የነበረውን የሚያይ ሰው ምን ይል እንደነበር እንጃ። አያ ቢተው ጋቢያቸውን አውልቀው ሁለት ጫፉን ይዘው አውድማ ላይ እንዳሉ ያራግባሉ። እትዬ ጥሩወርቅ በተማሪዎች ፋይል ታራግባለች። እኔ ደግሞ በእጄ ያለው ዳንቴሉ ነው፤ ያሞቀውን ልብስ ይዤ አበርደዋለሁ። ሙሉቀን ስክሪንና ኪቦርድ ፍለጋ ሮጦ የእትዬ ጥሩወርቅን ነቅሎ መጣ። «ዓይኔን ነቀልክብኝ!» ብላ ጮኸችበት፣ ማራገቧን ሳታቆም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ብረቱ ለእጅ ተመቸ። ሙሉቀን አስነሣው። ወናፉ ሲነፋ ስሰማ እንባዬ መጣ።

«አራቱንም ባንዴ አላስነሣም» አለ። «ደምበጫን ብቻ። አሁን ድልድዩን ልመልስ። የደምበጫ የቤት ቁጥር… መጨረሻው አሥራ አንድ ነበር።» ጻፈ። ደምበጫ አልመለሰችም። ደግሞ ጻፈ። አልመለሰችም። «ማስታወሻዬ ላይ አለ» አለና ጣቱን ከኪቦርዱ አነሳ።

«ማስታወሻው የት ነው?» አለች እትዬ ጥሩወርቅ።

«ሊበን ውስጥ።»

«ሊበንስ?»

«እዚሁ ሳጥን ውስጥ።» ደግነቱ የሚስቅበት ሰው አልነበረም፤ የእኔ ጥፋት ከሱ ይበልጥ ነበርና። ቀጥሎ ክዳኑን ዳሰሰ። «ወረቀት ለጥፌ ነበር እዚህ ላይ።»

«እኔ ነኝ የላጥኩት» አልኩ።

«የት አለ?»

«ጓሮ። አመድ ሆኗል።»

አያ ቢተው የሚያራግቡት ጋቢ ቆመ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። መናኸሪያ ሄዶ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠብቆ፣ ቡሬ ገብቶ፣ ከዚያ ቢሮው ድረስ። ሁላችንም በሆዳችን እንቆጥር ነበር።

«ግን በቃሌ አውቀዋለሁ» አልኩ።

ሙሉቀን ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን አነሳ።

ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጨርቅ ይዤ ከሳጥኑ ፊት እንደ ጠዋቱ ቆምኩ። ከዚያ ወጣሁት፣ እንደ ውዳሴ ማርያም። መጀመሪያ ያሉት ቁጥሮች የአራቱም አንድ ናቸው፣ እንደ አባት ስም፤ የሚለየው የመጨረሻው ብቻ ነው። «ሊበን አሥራ ሁለት። ቋሪት አሥራ ሦስት። ጢስ ዓባይ አንድ። ደምበጫ አሥራ አንድ ነበረች፤ በቀይ ተሰርዛ ሠላሳ አንድ ሆናለች።»

«ሠላሳ አንድ!» ብሎ ግንባሩን መታ። «ራሴ ነኝ እኮ የቀየርኩት!» ጻፈ። ተጫነ።

ስክሪኑ ላይ መስመር በመስመር እየተከታተለ ይወርድ ጀመር። ምን እንደሚል አላውቅም። ግን ሲንኳኳ የሚከፈት በር እንደሚመስል አወቅሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ስክሪኑን አቅፌ ደረጃውን የወጣሁት እኔ ነኝ። እትዬ ጥሩወርቅ የይታይሽን ስም ጻፈች፤ ክቧ ግማሽ ዙር ዞራ ተወች። ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ ሞቅ ያለ ነበር፤ በዚያ ቀን ደስ ያለኝ ሙቀት እሱ ብቻ ነው። ማኅተም ተመታ። ሙሉቀን ባጃጅ አስቁሞ አያ ቢተውን አሳፈረ። ጋቢያቸው እኛው ጋ ቀርቶ ነበርና ባጃጁን ተከትዬ ሮጬ በመስኮት ወረወርኩላቸው። ያን ያህል ሰው መንገድ ላይ እያየኝ ሮጬ አላውቅም።

ይድረሱ አይድረሱ ግን አላወቅንም። ስልክ ቁጥራቸውን የጠየቀ የለም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሞላ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የግድግዳውን ሰዓት አየሁት። መጥረጊያዬ እጄ ላይ ነው፤ ግን አልጠረግሁም።

ሙሉቀን ሊወጣ ሲል ዳንቴሉን አጣጥፎ አመጣልኝ። የሚቆጣኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«አበባው ለምን አራት ሆነ?» አለኝ።

«ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ።»

«ይሄ ሰንሰለቱስ?»

«ድልድዩ ነው።»

ሰንሰለቱን በጣቱ ከአበባ አበባ ተከተለው። «ከአራት ዓመት በላይ ሠርቻለሁ» አለ በመጨረሻ፣ «ሥዕሉን እንዲህ አስተካክዬ ለዲኑ ማሳየት አልቻልኩም።» በማግስቱ ሪፖርቱን ሲጽፍ ስሜን ያላነሳው ለዚህ ይመስለኛል። በሩ ላይ ግን አንድ ማስታወቂያ ለጥፏል፦ «ልብስ ማልበስ ክልክል ነው።» ጠዋት ጠዋት አቧራውን ሳራግፍ አነበዋለሁ።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ እትዬ ጥሩወርቅ ኮሪደር ድረስ ወጥታ ጠራችኝ። «ነይ፣ ስልክ ነው፤ 'ያችን ዝምተኛዋን ልጅ አቅርቡልኝ' ይላሉ» አለችና ስልኩን እጄ ላይ አኖረችው። በሁለት እጄ ያዝኩት። ምን እንደሚባል ጠፋኝ፤ ተነፈስኩ ብቻ።

«ዝም ስትይ አንቺ መሆንሽን አወቅሁ» አሉ አያ ቢተው። «ወረቀቱን ተቀብለውኛል፤ ከእኔ ኋላ በሩን ዘጉት። አሁን ስሚኝ ልጄ፣ ያ ልብስ እዚያ ካልተፈለገ ለእኔ ሬዲዮ ማልበሻ ላኪልኝ፤ የእኔዋ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ አይታፈንም።»